የሐጅ እድሪስ ሽመላ

ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ በክፉው የረሃብ ዘመን፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ከሐጅ እድሪስ ግቢ ተጠግተን እንኖር ነበር። ሐጅ የጎንደር ሰው ነበሩ፤ ቀን ቀን ሱቃቸው ውስጥ ስኳርና ሻይ ይሸጣሉ፣ ሲመሽ ደግሞ ፋኖሳቸውን ለኩሰው የሞተ ወፍ በሕይወት ያለ ያስመስላሉ። ሙያውን የተማሩት በጉብዝናቸው ወራት ካገለገሉት ፈረንጅ አዳኝ ነው። ያኔ በእጃቸው የነበረችው፣ አንድ የሆቴል ባለቤት ከጣሪያው ላይ ሊያንጠለጥላት ያዘዛት ሽመላ ነበረች።

አባቴ ድንበሩን ካሻገረን በኋላ አያቴን ሊያመጣ ወደ አገር ተመልሷል። እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። እኔ ከፍሙ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሐጅ ቆዳዋን በጨው ሲያሹ፣ ሆዷን በጥጥ ሲሞሉ፣ በክንፎቿ ውስጥ ሽቦ አስገብተው ሲዘረጉ እያየሁ ተረታቸውን እሰማለሁ። በተረቱ ውስጥ ሽመላዋ ድንበሩ አጠገብ ካለው ከፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ በላይ አልፋ፣ የድንበሩን ወንዝ ተሻግራ፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ልትፈልግ ትሄዳለች። የኔ ሆድ ባዶ ሆኖ የሷ ሲሞላ ትንሽ ይቆጨኝ ነበር፤ ቢሆንም ሰውየው አባቴ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

«ይዛው ትመጣለች?» እላቸዋለሁ።

«ትሰቀልና እነግርሻለሁ ልጄ፣ ኢንሻ አላህ።»

አንድ ምሽት ሰቀሏት። ክንፏን ዘርግታ በክሩ ላይ ስትዞር ጥላዋ ግድግዳውን ሞላው፤ እኔ የምሆነውን አጣሁ። ሐጅ ግን ቀና ብለው አዩዋትና «አንገቷ አዘቀዘቀ፣ ሚዛኗን ስታለች» ብለው አወረዷት። ለእኔ ያዘቀዘቀ ነገር አልታየኝም። በማግስቱም እንዲሁ፤ ሰቅለው፣ አይተው፣ አወረዱ። ሽቦውን ይፈቱታል፣ መልሰው ያስሩታል፣ ተረቱም ወንዙ ጋ ደርሶ ይቆማል። ባለሆቴሉ መጥቶ «ሐጅ፣ ወፏ መቼ ነው የምታልቀው?» ሲላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዓረብኛ አንድ ነገር ነገሩት፤ ሰውየው ወደ እኔ አየና ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ግራ ገባኝ። እርጅና ተጫጭኗቸው ይሆን፣ ወይስ እኔ ያጠፋሁት ነገር አለ? አኮረፍኳቸው።

እናቴ ከአራስነት በተነሳች ሰሞን፣ አንድ ቀን በእናቴ ጩኸት ስባንን ገና ጎህ እየቀደደ ነበር፤ ግቢው ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ተሞልቷል። ሐጅ እድሪስ ከፊት ቆመዋል። ለአራስ መርዶ ስለማይነገር ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞ ሰንብቷል፤ አባቴ ወደ እኛ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞቶ ከተቀበረ ቆይቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሽመላዋ ሆቴሉ ተወስዳ ተሰቀለች። ተረቱን እኔም አልጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም አልጨረሱልኝም።

ዛሬ ለምን ደጋግመው እንዳወረዷት ይገባኛል። የማይገባኝ የራሴ ነገር ነው። እነዚያን ምሽቶች ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ደስ ማለቱ ደግሞ መልሶ ያሳፍረኛል፤ እኔ በጉጉት ስጠብቀው አባቴ አፈር ውስጥ ነበር። አድጌም ቢሆን፣ በሆቴሉ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ገባ ብዬ ሽመላዋን ቀና ብዬ አያት ነበር። አንገቷ አንድም ቀን አዘቅዝቆ አላየሁትም።