ይርዳው ከጭቃ ወደ ስቱኮ

ይርዳውን ወገዳ ከተማ ላይ የማያውቀው የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲመርግ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ እጅ ያንሸራትታል። ዛሬ ግን ሁሉም ብሎኬት አማረውና ይርዳው ሥራ ፈታ። ጋራዤ ድረስ መጥቶ ቅጠረኝ ሲለኝ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም፤ አራት ልጆች አሉት።

ያን ሰሞን የአቶ ፈንታ አሮጌ ላንድክሩዘር እጄ ላይ ነበር። ራሳቸው ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭተውት ጎኑ ጎድጉዷል። ብረቱን ቀጥቅጬ አወጣሁት፤ የቀረው ስርጉዱን በስቱኮ፣ በመኪና መለሰኛው ሊጥ፣ ሞልቶ ማስተካከል ነው። ይርዳውን ይህን ካስተካከልክ ሥራው ያንተ ነው፣ ካልሆነም ወደ ጭቃህ አልኩት።

ስቱኮ ማድረቂያው ከገባበት ወዲያ ፋታ የለውም፤ በደቂቃ ድንጋይ ይሆናል። ነግሬዋለሁ! ሰውዬው ግን የሚያውቀው ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሚሰነብት ጭቃ ነው። ግማሽ ጣሳ ስቱኮ ባንድ ጊዜ አደባልቆ፣ ትንሽ ይረፍ ብሎ ጨርቅ አልብሶት ቁጭ አለ። ጨርቁን ቢገልጠው መለቅለቂያ ስፓቱላዬ መሐሉ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ደሜ ፈላ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት።

እሱ ግን ከተረፈው ስቱኮ እንቁላል የምታህል ብቻ እየቆነጠረ፣ እያደባለቀ፣ ቶሎ ቶሎ ይለቀልቅ ጀመር። ሲደርቅ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ዳበሰው። እዚህ ጋ ጉብ ብሏል ይለኛል፤ እኔ ምንም አይታየኝ። ብርጭቆ ወረቀቱን ሲያስኬድበት እውነትም መጀመሪያ የሚፋቀው እሱ ያለው ቦታ ነው። ኧረ እንዴት ያለ እጅ ነው! ከዚያ ወዲያ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ እንደ ልጅ ዙሪያውን እዞረዋለሁ።

መኪናውን ሙሉ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚረጨውን መነሻ፣ ስንረጨው ግን ፈርቼ ነበር። ፕራይመር አይምርም፤ የተደበቀ ጉድለት ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሚወጣው።

ቅዳሜ፣ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት፣ አቶ ፈንታ ሊያዩ መጡ። ያደረስኩትን ጉዳት እኔ ነኝ የማውቀው ብለው መነጽራቸውን አድርገው ጎኑን ከፊት እስከ ኋላ መረመሩት። ይርዳው ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ጣታቸውን ብረቱ ላይ ተከሉ።

«ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ይታወቃል» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ያ ቦታ ስቱኮ ነክቶት የማያውቅ ጤነኛ ብረት ነው! የተጠገነውን አንድ ክንድ ያህል አልፈውታል።

«ይርዳው፣ ሰኞ በጠዋት ና» አልኩት።

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ፕራይመር በነካው እጁ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።