ገጽ አርባ ላይ ያለችው ኮከብ

ክሊፎርድ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ከታላቅ እህቱ ከኖሪን ጋር የሚኖር ጡረተኛ ነው። የመርማሪ ልብ ወለድ ነፍሱ ነው፤ የተገኘውን ሁሉ ግን አያነብም። የእሱ መርማሪ ልብስ ሰፊ ነው፤ ወንድ የሚያፈቅር፣ ምላሱ ከመቀሱ የሰላ። ክሊፎርድ በወጣትነቱ ባነበባቸው መጻሕፍት እንደ ራሱ ወንድ የሚያፈቅር ሰው ወይ ሬሳ ነው ወይ አልቃሻ። ይሄኛው ግን ፖሊሶቹ ላይ ያሾፋል፣ ገዳዩን ያጋልጣል፣ ከዚያ ወዳጁ የሠራውን እራት ሊበላ ቤቱ ይገባል። እራቱ ላይ ሲደርስ የክሊፎርድ ልብ ቅቤ ይጠጣል።

ለኖሪን ግን ስለ ራሱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ከእሷ ሌላ ማን አለው? ፊቷ ሲለወጥ ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል። መጻሕፍቱንም አልጋው ሥር ይደብቃል።

መጻሕፍቱን የሚዋስበት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ደንበኞች ያነበቡትን ደግመው እንዳይዋሱ በእርሳስ ስውር ምልክት ያደርጋሉ። የክሊፎርድ ምልክት ነጥብ ናት። ልብስ ሰፊው ባለበት አዲስ መጽሐፍ ሁሉ ግን አንድ ሰው ቀድሞት ገጽ አርባ ላይ ትንሽ ኮከብ ይሥላል። "እዚህ ከተማ እንደኔ ያለ ሰው አለ ማለት ነው" አለና ምርመራ ጀመረ። ጥርጣሬው ያረፈው ሐሙስ ሐሙስ በሚመጣው ዘናጭ ጡረተኛ፣ በበርናርድ ላይ ነው። ሻይ ጋበዘው። ሰውዬው ስለ ዓሣ ማጥመድ ካልሆነ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም! ሆኖም የሐሙሱ ሻይ ቀጠለ።

አንድ ዝናባማ ቀን ኖሪን ጉልበቷን ስላመማት ክሊፎርድ የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ሊመልስላት ወጣ። የሐኪምና የነርስ ፍቅር ነው፣ ሌላ አታነብም ብሎ ያሾፍባታል። አውቶቡስ ውስጥ ለቀልድ ያህል አንዱን ገለጠ። ገጽ አርባ ላይ ኮከቧ ቁጭ ብላለች።

ሳይመልሳቸው ወደ ቤት ገሰገሰ።

"ኮከቧ ያንቺ ናት?"

"አንተም መርማሪ ተብለህ!" አለች ኖሪን ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል። "የልብስ ሰፊውን የመጀመሪያ መጽሐፍ አልጋህ ሥር ስጠርግ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ሲመጣ ቀድሜህ እዋሳለሁ።"

"ስለ እኔስ... ታውቂያለሽ?"

"ከጎረምሳነትህ ጀምሮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እስክትነግረኝ ነዋ! ምን የምልህ መስሎህ ነው፣ አንተ ሞኝ?"

ክሊፎርድ እንባውም ሳቁም እኩል መጣበት።

"በል አሁን ያንን በርናርድን እሁድ ለምሳ ጥራው" አለች።

"እሱ እኮ ከዓሣ ሌላ ወሬ የለውም።"

"ኧረ ባክህ! ስለ ዓሣ ለማውራት ነው ሐሙስ ሐሙስ ጫማህን የምትወለውለው?"