የሦስቴ ልኬት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አርባውን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ከተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ የሰው ትከሻ ስትለካ ኖራለች። ሰፈሩ «ሦስቴ» ይላታል። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻህን ትለካለች፤ ዝም። እንደገና ትለካለች፤ ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ትለካና ቁጥሩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ትጽፋለች። የቸኮለ ደንበኛ «እትዬ፣ ትከሻዬ እኮ የትም አይሄድም!» ሲላት «ጨርቁን ከቆረጥኩት በኋላ ንገረኝ» ትለዋለች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ስለ ጥናቷ አጫወተቻት። ጤናማ አዋቂዎች በየሦስት ዓመቱ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ ተጋድመው የአንጎላቸውን ምስል ይነሳሉ፤ ስለ ባሕርያቸውም መጠይቅ ይሞላሉ። የጥንቁቅ ሰው፣ የጭንቀታም ሰው፣ አዲስ ነገር የሚወድ ሰው አንጎል ከዕድሜ ጋር የሚለወጠው እኩል ይሆን? ጥያቄው ይኸው ነበር። አክስቴ «እንግዲህ የእኔን ጭንቅላት ደግሞ አንቺ ለኪው» ብላ ተመዘገበች።

ዘንድሮ አራተኛው ዙር ነው፤ የዘንድሮው ግን የጨዋታ አልነበረም። በቅርቡ አክስቴ የአንድ የቆየ ደንበኛ ስም ጠፋባት፤ ሌላ ቀን ደግሞ የሁለት ሰው ኮት አቀያይራ ሰጠች። ታናሽ ወንድሟ፣ አባቴ፣ ነገሩን አልተወውም።

«እትዬ፣ ይብቃሽ። ሱቁን ዝጊና ዕረፊ።»

«ምስሉ ደክመሻል ካለኝ መቀሴን በእጄ አስረክብሃለሁ። ካላለኝ ግን ሁለተኛ ይቺን ነገር እንዳታነሳት!»

ውጤቱን ልንሰማ በሄድንበት ቀን መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሦስታችን ተመራማሪዋ ፊት ስንቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው።

ተመራማሪዋ አራቱን ምስሎች ጎን ለጎን ደረደረች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የዚህ ሁሉ ዘመን ትዝታ፣ ቁጣዋና ሳቋ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ትከሻ፣ ከሁለት ጭብጥ በማይበልጥ ነገር ውስጥ! አክስቴ ግን ዓይኗን አጥብባ አየችውና «ይሄማ ሽንሽን ነው» አለች። «ሰፊውን ጨርቅ ጠባብ ቦታ ከተውት። የሠራው እጁ ይባረክ።»

«ዕድሜ ሲጨምር በሽንሽኑ መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል» አለች ተመራማሪዋ። «የሁላችንም። የእርስዎም ጥቂት ሰፍቷል፤ በዕድሜ እኩያዎ ከሆኑት ተሳታፊዎቻችን የብዙዎቹን ያህል ግን አይደለም። የማስታወስ ፈተናውንም ደህና አድርገው ነው የሠሩት። ሥራ ያቁሙ የሚያሰኝ ምንም አላየሁም።»

«ጥንቃቄዋ ነዋ የጠበቃት!» አለ አባቴ። ተሸንፎም ፊቱ በኩራት ፈካ።

«እሱን ከአንድ ሰው ምስል መናገር አይቻልም። የብዙ ሰው ውጤት አንድ ላይ ታይቶ ነው። ደግሞም...» ወረቀት እየገለጠች አመነታች። «በመልሳቸው መሠረት እሳቸው ጥንቁቅ አይደሉም።»

«ማን? እሷ?»

«‹ሥራዬን ደጋግሜ አረጋግጣለሁ› ለሚለው አራቱንም ጊዜ ‹በፍጹም› ብለዋል።»

አባቴ ሳቁ አመለጠው። «እትዬ! ያቺ አንዱን ትከሻ ሦስቴ የምትለካው ሴትዮ ታዲያ ማን ናት?»

አክስቴ ተቆጣች። «ሦስቴ መለካት አንድ ልኬት ነው! ደጋግሞ የሚያረጋግጥማ መጀመሪያውኑ በወጉ ያልለካ ነው። እኔ ለክቼ ከጨረስኩ ተመልሼ አይቼ አላውቅም።»

አርባ ዓመት ሙሉ ጥንቃቄዋን ጥንቃቄ ብላ ጠርታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ተመራማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የዘንድሮውን መጠይቅ ከእስክሪብቶ ጋር አቀረበችላት። «የድሮዎቹን መንካት አልችልም። ይህኛውን ግን ከፈለጉ እንደገና ያስቡበት።»

አክስቴ መነጽሯን አደረገች። ጥያቄውን አነበበችው፤ ዝም። እንደገና አነበበችው፤ ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችና ‹በፍጹም› ላይ ያለውን ምልክት አደመቀችው።

ተመራማሪዋ ከጎኑ ረጅም ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች። አባቴ ተነሳ። መቀሱን ከጨርቁ ፈትቶ፣ እጀታውን ወደ አክስቴ አዙሮ በሁለት እጁ ሰጣት።

«ሱሪ ሳያስፈልገኝ አይቀርም» አለ።

«ቁም እንግዲህ» አለችው፣ ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች።