ጀልባዋን አያንኳኩ ያልኩበት ማለዳ

ልጆች፣ ፎቶ ማንሳት ከአደን ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ዱካ መከተሉ፣ ነፋስ መለየቱ፣ ትንፋሽ መያዙ ያው ነው። ጠመንጃ ብቻ የላችሁም።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በበልግ የሚያብቡ ዕፅዋትንና የሚፈለፈሉ ወፎችን በየሳምንቱ እያነሳሁ ለክፍላችን ግድግዳ አዘጋጅ ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራ ይዞ መዞር ስለሚያስጠረጥር የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ከኪሴ አይለይም ነበር። የቀረችኝ በውሃ አበባ ቅጠል ላይ እየተራመደች እዚያው እንቁላል የምትጥለው ባለረጅም ጣት ወፍ ነበረች። ፊልሜ ላይ የቀረው ለአራት ፎቶ ብቻ የሚሆን ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከዓሣ አጥማጁ ከጋሽ ዱካሌ ጋር ሐይቁ ላይ ወጣን። ሲዘንብ ስላደረ ውሃው ደፍርሷል። ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል አጠገብ ጭቃው ላይ ባለአራት ጣት ትልልቅ ዱካ፣ ከጎኑም ትንንሽ አየን።

«ጉማሬ ናት። ልጅ ይዛለች» አሉ። ከዚያ በኋላ እንስሳዋ ሰምታ ገለል እንድትል በመቅዘፊያው እጀታ የጀልባዋን ጎን እያንኳኩ ቀዘፉ።

ወፏን ሃያ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አየኋት።

«ጋሽ ዱካሌ፣ እባክዎ አያንኳኩ፤ ትበርብኛለች።»

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ላንኳኳ።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ! ለተማሪዎቹ ነው።»

«ልታገባት ነው እንዴ?» ብለው ሳይወዱ ማንኳኳታቸውን አቆሙ።

ቆሜ በሌንሱ እያየሁ ስለነበር ከውሃው ሥር የሚወጣው አረፋ ወደኛ ሲመጣ ያዩት እሳቸው ናቸው።

«ተቀመጥ!»

ጀልባዋ ከሥር ተገፍታ ተጋደለች፤ ውሃ እስከ ጉልበቴ ገባ። ከሦስት ክንድ በማይበልጥ ርቀት የጉማሬዋ አፍ ተከፈተ። ትንፋሿ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ጋሽ ዱካሌ በአንድ እጃቸው ሸሚዜን ጨምድደው በሌላው ጀልባዋን ደበደቡ፤ ኳ! ኳ! ኳ! ከኋላችን ልጇ ጮኸ። ለካ መሃላቸው ገብተናል። ጋሽ ዱካሌ ሸሚዜን ለቀው በኃይል ወደ ጎን ሲቀዝፉ መንገድ አገኘች፤ አጠገባችን ጠልቃ ወደ ልጇ አለፈች።

ዳር ደረስን። ይቅርታ ስጠይቃቸው ውሃውን በጣሳ እየጨለፉ ነበር።

«ወፏ እዚሁ ተፈልፍላ ያደገች ናት። ስናንኳኳ በየቀኑ ስለምትሰማን አትበርም። የማታውቀው አንተን ነው።»

ደብተሬ ላይ ስለዚያች ወፍ ስድስት ገጽ ጽፌ ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ አጠገቧ የኖሩትን ጋሽ ዱካሌን ግን አንድ ነገር እንኳ አልጠየቅሁም። አሁን መስክ ስወጣ ካሜራዬን ከማውጣቴ በፊት የቦታውን ሰው እጠይቃለሁ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ ቀርቷል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ድንገት ጸጥ ስትሉ ዞር የምለው ለዚህ ነው፤ ብትረብሹ ይሻለኛል።