የዘጠኝ ሰዓቷ ኪኒን

ረቡዕ ረቡዕ ከሆስፒታሉ ግቢ ካልታየሁ ወይ ታምሜአለሁ ወይ ሞቻለሁ ማለት ነው። ከድንኳኑ ሥር ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር ጫፏ የእኔ ናት። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኘሁ «በሞቴ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» እላለሁ፤ ጠጋ ይሉልኛል። ሆስፒታሉ በነፃ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ስለ ስኳር፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ማኅፀን፣ ከሐይቁ ዳር ውኃ ወደ ሰው ገላ ስለሚገባው ትል ያልተማርሁት የለም። ጎረቤቶቼ «ዶክተሯ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ! ልጃቸውን ትኩሳት ሲይዘው በሬን የሚያንኳኩት እነሱው ናቸው።

ድምፄ ትልቅ ነው፣ አልደብቅም። ዕድሜዬን የጨረስሁት ፋብሪካ ውስጥ፣ በክር ማሽን መካከል ነው። እዚያ አጠገብሽ ላለችው ሴት «እንዴት አደርሽ» ለማለት እንኳ መጮኽ ነበረብሽ። ጡረታ ስወጣ ማሽኑን ትቼ ጩኸቱን ይዤ መጣሁ።

ባለቤቴ ደግሞ የዜማ ሰው ናቸው። ከሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግራ ጌታ ናቸው፤ በማኅሌት ጊዜ መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ሲቆሙ የግራዎቹ አለቃ ማለት ነው። የቀኞቹ አለቃ፣ ቀኝ ጌታ፣ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው የተማሩት። ቀኝ ጌታ ይመራሉ፣ ባለቤቴ ይቀበላሉ። ቀኝ ጌታ ዜማውን አንሥተው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ካደረጉ፣ ቀጣዩ የባለቤቴ ነው። ሲመሩት አልቀበልም ማለት በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። አንድ ጊዜ በማይረባ ነገር ተኮራርፈው ሰላምታ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር፤ ያኔም ቢሆን አንዱ መራ፣ ሌላው ተቀበለ፤ ዜማው አልተቋረጠም።

አምና በሁዳዴ ነው ነገሩ የመጣው። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል አይነካም፤ የሚሰማው የሰው ድምፅና መቋሚያ ብቻ ነው። በሴቶች በኩል ቆሜ ሳለሁ አንዲት የመቋሚያ ምት ያለ ቦታዋ መጣች። ባለቤቴ ጓደኛቸው ቸኩለው የመሩ መስሏቸው ለመቀበል አፋቸውን ከፈቱ። ለካ ቀኝ ጌታ ወድቀው ኖሯል። ደም ግፊት ነው ተባለ። ከሞት ተረፉ፤ ግን ግማሽ አካላቸውና ንግግራቸው ተያዘ። ያ ሁሉ ሰው የሚያስለቅስ ድምፅ ቀረ። ኪኒን ታዞላቸው ነበር፤ ጾሙ ሲገባ አቁመውት ነው።

የእኔውም ሰውዬ ያው ናቸው። ግፊት አለባቸው፣ ኪኒን አላቸው። በፍስክ ቀን ጠዋት ጠዋት እንደ ጨዋ ልጅ ይውጧታል። ጾም ሲሆን ግን ብልቃጧን መስኮት ላይ ያኖሯትና «እኔ ስጾም እሷም ትጹም» ይላሉ። ድሮ ያስቀኝ ነበር፤ ከቀኝ ጌታ ወዲህ ግን ሳቁም ቀረ። የቤተ ክህነት ሰው ጾም ደግሞ ያልቃል እንዴ? ረቡዑ፣ ዓርቡ፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው፣ ሁዳዴው! ከሚበሉበት የማይበሉበት ይበዛል። ስለዚች ኪኒን ስናገር ምላሴ ጠጉር አበቀለ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ዘንድሮ ሁዳዴ እየቀረበ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ። ፈራሁ፤ እኒህን ሰውዬ በቁሜ ልቀብራቸው ነው አልሁ።

በዚያው ሰሞን የረቡዑ ትምህርት ስለ ደም ግፊት ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ደረስሁ። የሚያስተምረው ወጣት ሐኪም ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ትሑት ልጅ። ነገሩን ፍርጥርጥ አድርጎ ካስረዳን በኋላ «መድኃኒታችሁን በየቀኑ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ውሰዱ» አለ። ዘወር ብዬ ባይ ሽማግሌው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ እሺ ይላል። የእኛ ሰው እሺ ሲል እሺ ማለቱ አይደለም፤ ማክበሩ ነው። አላስችለኝ አለና ተነሣሁ።

«ዶክተር ልጄ፣ የትኛውን ቁርስ ነው ያልኸው? ከሰኞ ወዲያ እኮ እዚህ ከተቀመጥነው ቁርስ የሚበላ የለም።»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ልጁ ቀላ አለና «እማማ፣ የታመመ ሰው ጹም ተብሎ አይገደድም። ቤተ ክርስቲያንም ትፈቅዳለች» አለኝ።

«ትፈቅዳለች፣ ልክ ነህ። ግን እንዲህ ብለህ ከሸኘሃቸው መርቀውህ ይሄዱና ኪኒኑን መስኮት ላይ ያኖሩታል። ጹሙ አትጹሙ የሚለውን ለነፍስ አባታችን ተውለት። አንተ ሰዓት ስጠን!»

ሊቆጣኝ ይችል ነበር፤ አልተቆጣም። ማጅራቱን አከክ አድርጎ «እሺ፣ እህል የምትቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት! ቅዳሴ ሲወጣ፣ ጸበል ጠጥተን!» አልነው ሁላችንም በአንድ አፍ።

ትንሽ አሰበ። «መድኃኒቱ በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ምን ይለዋል?» አለ። «ግን የሁሉም ሰው መድኃኒት አንድ ዓይነት አይደለም። በየግላችሁ ሳላያችሁ ሰዓት እንዳትቀይሩ። እማማ፣ እርስዎም ባለቤትዎን ያምጧቸው።»

«የእኔ ባለቤት ሆስፒታል የሚመጡት በቃሬዛ ነው። እናንተ ኑ!»

ወይ ጉድ፣ መጡ! እሑድ፣ የቅበላው ዕለት፣ ቅዳሴ እንደ ወጣ ሐኪሙ ከነግፊት መለኪያው ከቤተ ክርስቲያናችን ዋርካ ሥር ተገኘ። የደብራችን አለቃ ራሳቸው ሕዝቡን «ተቀመጡና ስሙ» አሉ። ባለቤቴ እያጉረመረሙም ቢሆን ክንዳቸውን ሰጡ። ሐኪሙ ለካቸው፣ ኪኒኑንም አየና ዘጠኝ ሰዓት ይሁንልዎ አላቸው። ቀኝ ጌታም በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ያችን የተያዘች እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ተለኩ፤ ለእሳቸውም አዲስ የታሸገች ብልቃጥ ተሰጥታቸው ያው ዘጠኝ ሰዓት ተባለላቸው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሰው ሁሉ ሲመርቀኝ እኔም እንደ ሹም ተጀንኜ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ጾሙ ገባ። ኪኒኗን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቅዳሴ አስቀደስሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ቅዳሴ ወጣ፣ ጸበል መጠጣት ተጀመረ። ባለቤቴ ጠጡ። ቋጠሮዬን ፈትቼ «ይኸው» አልኋቸው። አላየሁም፣ አልሰማሁም ብለው በአጠገቤ አለፉ።

እኔ ለባለቤቴ «እርስዎ» ነው የምለው፤ ስናደድ ግን «አንተ» ያመልጠኛል። ቤት እንደ ገባን አመለጠኝ።

«አንተ ሰውዬ! ሰዓቱ ተገኘልህ፣ ሐኪሙ ከነመሣሪያው በእግሩ መጣልህ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀረህ? ልታስለቅሰኝ ነው የምትፈልግ?»

ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አጥፈው፣ አስቀምጠው፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብለው የተናገሩት።

«ሰዓቱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱ አፉ ተይዞ ከጥግ ተቀምጦ እያየኝ፣ እኔ ድምፄን በኪኒን ልጠብቅ? ማን ሊመራኝ ነው የምቀበለው?»

ክው አልሁ። ዓመት ሙሉ በዚያ በቀልዳቸው ሥር ይኼን ይዘው ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ሐኪምና አለቃ ሳንቀሳቅስ የከረምሁት ለሰዓት ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ሳለቅስም ግን እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ በማግሥቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀኝ ጌታ ወዳሉባት ቤት ሄድሁ። መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። የእሳቸውም ብልቃጥ ከራስጌያቸው አለች፤ ሐኪሙ እሑድ እንደ ሰጣቸው ታሽጋ ናት፣ አልተነካችም። ሁለቱ ጓደኛሞች ሳይማከሩ አንድ ልብ ሆነዋል! ደሜ ፈላና የባለቤቴን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ስጮኽ ጊዜ ደኅነኛዋን እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡ፤ እሰማለሁ፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ቀስ አልሁ።

«አባቴ፣ ጓደኛዎ እርስዎን ተከትለው ሊሄዱብኝ ነው። እኔ ብለምን፣ ብቆጣ በጅ አላሉኝም። ከእርስዎ በቀር የሚሰሙት ሰው የለም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጥቂት ጠበቅሁ፤ አልተመለሱም። የታመመ ሰው አስቀየምሁ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ኪኒኗን ግን እንደገና ቋጠርኋት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅዳሴ ወጣ። ወንዶቹ ጸበል ሊጠጡ ተሰለፉ፤ እኔ ከባለቤቴ ጀርባ ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምሁ። ያኔ ቀኝ ጌታ መጡ። ሰዉ ሁሉ ቦታ ለቀቀላቸው። ጸበሉ ዘንድ ደረሱና ፊታቸውን ወደ ባለቤቴ አዞሩ፤ በማኅሌት እንደሚቆሙት፣ ፊት ለፊት። መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አስደገፉ። በደኅነኛዋ እጃቸው ከጋቢያቸው እጥፋት ኪኒን አወጡ፣ ለባለቤቴ አሳዩ፣ አፋቸው ውስጥ አደረጓት። ጸበሉን ጠጡ፤ ግማሹ በተያዘው በኩል በጢማቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ መቋሚያቸውን ጨበጡና ደንጊያውን መቱት።

እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያች ምት ምን ማለት እንደ ሆነች ያውቃል።

ባለቤቴ አልተንቀሳቀሱም። ቀኝ ጌታ እንደገና መቱ፣ አሁን ጠንከር አድርገው።

ባለቤቴ ሳይዞሩ መዳፋቸውን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

ቋጠሮው እንቢ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሚሮጥ ማሽን ላይ የተበጠሰ ክር የቀጠልሁ ሴት፣ የገዛ ነጠላዬን ቋጠሮ መፍታት አቃተኝ፤ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ኪኒኗን መዳፋቸው ላይ አኖርሁ። ውጠው ጸበሉን ጠጡና የራሳቸውን መቋሚያ አንሥተው ደንጊያውን መቱ። ቀኝ ጌታ ባልተያዘው በአፋቸው ወገን ሳቁ።