ሚዛኑን ያስነሣው ሰውዬ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃልሎ ቢመዘን ስንት ይወጣው ይሆን? የኮኪት ከተማ የመኪና ሚዛን ሠራተኛ ይስማው እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስጨንቀውም፤ ከሸሕዲ ከመጣው ሚኒባስ የወረደውን ሰውዬ ገና ሲያየው ንቆ ጨርሶታል። በዚህ ሐሩር የሱፍ ሹራብ!

«ኢንጂነር፣ በረደዎት እንዴ?» አለው፤ ሹፌሮቹ ሳቁ።

ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል፤ የሚዛኑ ኮምፒውተር ግን ገና መነሣት ሲጀምር ድርቅ ብሎ ይቀራል። ይስማው የሚያውቀው አጥፍቶ ማብራት፣ ሲብስም በጥፊ መምታት ነው። ሊጠግነው የመጣው ሰውዬ ግን ከርነል የሚባለውን የማሽኑን የውስጥ ፕሮግራም ከፍቶ፣ በየደረጃው «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል መስመር ይጨምርበታል፤ ያስነሣዋል፤ የመጨረሻዋን መስመር አንብቦ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ደግሞ እንደገና። የት እንደሚሠራ ሲጠይቁት «አስተምር ነበር» ብሎ ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

«ደብተር ገልጦ ማሽን ይፈውሳል! ጠበል እናምጣልዎ?» ይላል ይስማው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ተነሣ። ውስጡ ያለች፣ ጊዜ የምትቆጥርለት አንዲት የሞተች ሰዓት መልስ እስክትሰጠው ነበር ለካ ቆሞ የሚጠብቀው፤ ሰውዬው ጥቂት ጠብቆ እንዲያልፋት አደረገው። ሹፌሮቹ ተሽቀዳድመው ሞተር አስነሡ።

«ያው በራሱ ጊዜ ነው የተነሣ» አለ ይስማው።

ሰውዬው ደብተሩን እንደያዘ የሚዛን ቤቱ በር ላይ ቆመ። «እባካችሁ፣ አንድ ሰው ብቻ አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበልልኝና ምን ሆኖ እንደነበረ ላስረዳው» አለ። ቁጭ የሚል ጠፋ።