የኮቱ ገበር

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ገልባጯ» ይላታል። ጥገና የመጣ ልብስ ገልብጣ ውስጡን ሳታይ ዋጋ አትናገርም። «ላዩማ ለሰው ነው፤ የሰው ጠባዩ ገበሩ ላይ ነው» ትላለች። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሚዛን ሰው ስትመዝን፣ እውነት ለመናገር፣ እምብዛም አልተሳሳተችም። ጉድ የሠራትም ይኸው ነው።

ሰውዬው እጅጌው የተተለተለ ኮት ይዞ መጣ። ገለበጠችው። ገበሩ በእጅ የተሰፋ፣ ዝምዝማቱ ልክክ ያለ፣ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለው። «ይሄ ሰው አይዋሽም» አለች በሆዷ። አይ የኔ እናት፣ ኮቱን እሱ ሰፋው እንዴ? በሦስተኛው ቀጠሮ በወር እጥፍ ስለሚሆን ገንዘብ ሲያወራላት ያላትን አውጥታ ሰጠችው።

በዚህ በበቃ! ታናሽ እህቷ ባሏ ሥራ ላይ ሲሞት የተከፈላት ካሳ ነበራት፤ የሁለት ልጆቿ መማሪያ።

«ሰውየውን አላውቀውም፣ እትዬ።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ውስጡን አይቼዋለሁ።»

እህትየው እሷን አምና ሰጠች።

ሰውዬው ገንዘብ የሚሰበስብበት ቢሮ ተዘጋ፤ እሱም የስንቱን ሰው ገንዘብ ይዞ የገባበት ጠፋ። ሬዲዮ ካወራው ወዲህ ሱቋ ውስጥ ሌላ ጨዋታ የለም፤ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። እህቷ ሦስት ሳምንት ድምጿን አላሰማቻትም። ገንዘቡስ ይቅር፤ ያለ እህት መቅረቱ ነው አንጀቷን የሚያሳርራት።

አንድ ከሰዓት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሾፌርና ተራዋን የምትጠብቅ አስተማሪ ወሬውን ተቀባበሉት።

«ሳይሠሩ መብላት ያማራቸው ናቸው» አለ ሾፌሩ። «እናቴ፣ እርስዎ ሰው ያውቃሉ። እርስዎን ይሸውድዎት ነበር?»

እፍረት ክፉ ነው፤ ያላሰቡትን ያናግራል።

«እኔን?» አለች። «ስስት ያሳወራቸው ናቸው። የእጃቸውን አገኙ።»

ሁለቱም ሳቁ። ቀና ስትል እህቷ በሩ ላይ ቆማለች።

እህትየው ገባችና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለች። «ማን እንዳስገባኝ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፣ እትዬ። አክስታቸውን እንዳይጠሉብኝ ራሴ ተስገብግቤ ነው አልኳቸው። ዛሬ የመጣሁት አብረን እናልቅስ ብዬ ነበር።»

ወጣች። ተነስታ ልትከተላት አሰበች፤ መልሳ የሾፌሩን ሱሪ ሳበች።

«ማን ናት?» አለ ሾፌሩ።

«ደንበኛ ናት» አለች።